ሊኩዊዴሽን የገባ ኩባንያን በፍርድ ቤት ማስወጣት፦ የአውስትራሊያው መንገድ ደረጃ በደረጃ

አውስትራሊያ ውስጥ ኩባንያ አቋቁሞ የሚሠራ ወገናችን ብዙ ነው። ምግብ ቤት፣ ጽዳት፣ ትራንስፖርት፣ የእንክብካቤ አገልግሎት። ሥራው ላይ ጎበዝ ነን። ደብዳቤ ከፍቶ ማንበብ ላይ ግን እንዘናጋለን። ከዚያ አንድ ቀን የኩባንያው ካርድ አልሠራ ይላል። ስልክ ይደወላል። አንድ የማናውቀው ሰው ፍርድ ቤት የኩባንያችን ሒሳብ አጣሪ አድርጎ እንደሾመው ይነግረናል። ኩባንያው ሊኩዊዴሽን ገብቷል ማለት ነው፤ ንብረቱ ተሰብስቦ ዕዳው እንዲከፈልና ኩባንያው እንዲፈርስ ታዟል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ “በቃ፣ አለቀ” ብሎ እጁን ይሰጣል። ገና አላለቀም። የ2001 (እ.ኤ.አ.) የአውስትራሊያ የኮርፖሬሽን ሕግ አንቀጽ 482 የሚባል ነገር አለው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ፍርድ ቤቱ የተጀመረውን የማፍረስ ሒደት ለጊዜው ሊያግደው ይችላል። ከዚህም አልፎ ጨርሶ ሊያቋርጠው ይችላል። ከተቋረጠ ኩባንያው ከነስሙ፣ ከነውሉ፣ ከተረፈው ንብረቱ ጋር ወደ ባለቤቶቹ ይመለሳል።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ የተሳሳተ እምነት ይስተካከል። “ዕዳውን እከፍላለሁ፣ ደረሰኙን ለዳኛው አሳያለሁ፣ ኩባንያዬን ይመልስልኛል” የሚል ሰው ብዙ ነው። ዕዳውን መክፈል የግድ ነው። ብቻውን ግን አይበቃም። ዳኛው ከትናንቱ ዕዳ ይልቅ የነገው ያሳስበዋል። ኩባንያውን ዛሬ ለቆት ከስድስት ወር በኋላ ሌሎች ሰዎችን ቢጎዳስ? ማመልከቻው ከመጀመሪያ ገጹ እስከ መጨረሻው ለዚህ ጥያቄ መልስ መሆን አለበት።

እዚህ እንዴት ተደረሰ?

በብዛት ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ የክፍያ ጥያቄ ደብዳቤ ነው። በሕጉ ቋንቋ ስታቱቶሪ ዲማንድ ይባላል። ዕዳው 4,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ገንዘብ ጠያቂው ይህን ደብዳቤ መላክ ይችላል። ላኪው ብዙ ጊዜ የግብር መሥሪያ ቤቱ፣ ማለትም ኤቲኦ ነው። አከራይ ወይም ዕቃ አቅራቢም ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ያሉት 21 ቀናት ብቻ ናቸው። በነዚህ ቀናት ውስጥ መክፈል፣ መስማማት ወይም ደብዳቤው እንዲሰረዝ ለፍርድ ቤት ማመልከት ያስፈልጋል። ዝም ከተባለ ኩባንያው ዕዳውን መክፈል እንደማይችል ሕጉ ይገምታል። ገንዘብ ጠያቂውም ያንን ግምት ይዞ ኩባንያው እንዲፈርስለት ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ችግሩ ደብዳቤው የሚላክበት አድራሻ ላይ ነው። በአሲክ፣ ማለትም ኩባንያዎችን በሚመዘግበውና በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ የተመዘገበው ዋና አድራሻ ላይ ከደረሰ በሕግ ደርሷችኋል። እዚያ መኖር አለመኖራችሁ ለውጥ የለውም። አድራሻው ከዓመታት በፊት የተዋችሁት የሒሳብ ባለሙያ ቢሮ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ደርሷል ይባላል።

መጀመሪያ፦ ከኩባንያው ገንዘብ ላይ እጃችሁን አንሱ

የማፍረሱ ትእዛዝ ከተሰጠ ጀምሮ በኩባንያው ንብረት የማዘዝ ሥልጣን የሒሳብ አጣሪው ነው። ዳይሬክተሮች ያለ እርሱ የጽሑፍ ፈቃድ ወይም ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ በኩባንያው ስም መሥራት አይችሉም። ከትእዛዙ በኋላ ከኩባንያው ሒሳብ የወጣ ክፍያ፣ የተሸጠ መኪና፣ ለዘመድ የተላለፈ ዕቃ በሕግ ዋጋ የለውም።

“የከሰሰኝን ሰውዬ ቶሎ ከፍዬ ልገላገል” ብሎ ከኩባንያው ሒሳብ ማስተላለፍ በቅን ልቦና የሚፈጸም ስሕተት ነው። ውጤቱ ግን መጥፎ ነው። ገንዘቡ ሊመለስ ይችላል። እናንተም በኋላ ዳኛው ፊት ስለ እሱ ማስረዳት ይጠበቅባችኋል።

ሁለተኛ፦ ሒሳብ አጣሪውን አትሽሹት

ስልኩን አንሱ። ኢሜሉን መልሱ። ይህ ሰው ጠላታችሁ አይደለም። በኋላ ለፍርድ ቤቱ የሚጽፈው ሪፖርት ጉዳያችሁን ሊያነሳውም ሊጥለውም ይችላል።

ፍርድ ቤት ባዘዘው ማፍረስ ውስጥ ዳይሬክተሮች ስለ ኩባንያው ሥራና ንብረት የሚሞሉት ቅጽ አለ። በአጭሩ ሮካፕ ይሉታል። የጊዜ ገደቡ 10 የሥራ ቀን ነው። ቅጹንና የሒሳብ መዝገቦቹን በወቅቱ አስረክቡ። ያላስረከበ ሰው በኋላ ላይ ለምን እንዳላስረከበ በቃለ መሐላ ማስረዳት ይኖርበታል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ በ131 450 ደውላችሁ የቲስ ናሽናልን፣ ማለትም የመንግሥቱን የትርጉም አገልግሎት፣ አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ። “አልገባኝም ነበር” የሚለው ምክንያት አስተርጓሚ በስልክ በሚገኝበት አገር ብዙ አያስኬድም።

ከዚያ በጽሑፍ የሚከተሉትን ጠይቁት።

- እስካሁን የቀረቡት ገንዘብ ጠያቂዎች እነማን ናቸው? እያንዳንዳቸው ስንት ይጠይቃሉ?
- የእርሱ የእስካሁኑ ክፍያና ወጪ ስንት ደርሷል? ሒደቱ እስኪቋረጥ ድረስስ ስንት ይሆናል?
- ለመሸጥ የታሰበ ንብረት አለ? ማመልከቻው እስኪታይ ሽያጩን ሊያዘገየው ይችላል?
- ሒደቱ እንዲቋረጥ ብናመለክት ይቃወማል? የማይቃወም ከሆነ በምን ሁኔታ?

የመጨረሻው ጥያቄ ወርቅ ነው። ብዙውን ጊዜ ሒሳብ አጣሪዎች ምን ቢሟላ እንደሚስማሙ በግልጽ ይነግራሉ። ያንን መልስ የሥራ ዝርዝራችሁ አድርጉት።

ጊዜውንም አስቡበት። ሒሳብ አጣሪው በሠራ ቁጥር ክፍያው ይጨምራል። ንብረት ይሸጣል፣ ሠራተኛ ይበተናል፣ ደንበኛ ሌላ ቦታ ይለምዳል። በሁለተኛው ወር ሊድን የሚችል ኩባንያ በስምንተኛው ወር ስሙ ብቻ ሊቀር ይችላል።

ሦስተኛ፦ ይህ መንገድ የእናንተ መሆኑን አረጋግጡ

የፍርድ ቤቱ ወረቀት በትክክል ሳይደርሳችሁ፣ ወይም እናንተ በሌላችሁበት ትእዛዝ ተሰጥቶ ከሆነ፣ ትእዛዙ ራሱ እንዲነሳ ወይም እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻል ይሆናል። የዚህ መንገድ የጊዜ ገደብ በጣም አጭር ነው። ስለዚህ ነገሩን በሰማችሁበት ሳምንት ጠበቃ ማየት ያስፈልጋል።

ዕዳው በሙሉ መከፈል የማይችል ከሆነ ደግሞ ሌላ በር አለ። ሒሳብ አጣሪው አስተዳዳሪ ይሾማል። ገንዘብ ጠያቂዎች ተሰብስበው የተወሰነ ክፍያ የሚቀበሉበትን የስምምነት ሰነድ ያጸድቃሉ። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤቱ ማፍረሱን እንዲያቋርጥ ይጠየቃል።

ኩባንያው ከአሲክ መዝገብ ተሰርዞ ከሆነ ግን አንቀጽ 482 ብቻውን አያገለግልም። መጀመሪያ ወደ መዝገብ መመለስ አለበት። እሱ ራሱን የቻለ ማመልከቻ ነው።

በግልጽ መነገር ያለበት ሌላም ነገር አለ። ኩባንያው የሚያስቀጥለው የኪራይ ውል፣ ኮንትራት፣ ፈቃድ ወይም ጥሩ ስም ከሌለው ይህን ሁሉ ወጪ ማውጣት አያዋጣም። ከዕዳው ሌላ የሒሳብ አጣሪው ክፍያ፣ የከሳሹ የፍርድ ቤት ወጪ፣ የራሳችሁ የጠበቃና የሒሳብ ባለሙያ ክፍያ አለ። ሁሉንም ደምራችሁ ወረቀት ላይ እዩት። ከዚያ ወስኑ።

አራተኛ፦ ማን ያመልክት?

ሕጉ ማመልከት የሚችሉትን ለይቶ አስቀምጧል። በተለመደው ጉዳይ ሦስት ናቸው፦ ሒሳብ አጣሪው፣ ገንዘብ ጠያቂ፣ ወይም ባለአክሲዮን። ዳይሬክተር መሆን ብቻውን አያስችልም። አክሲዮኑ በባለቤታችሁ ስም ከሆነ አመልካቿ እሷ ናት፤ ፊርማውም የእሷ ነው። ስለዚህ ከጠበቃ ጋር ከመቀመጣችሁ በፊት የአሲክን መዝገብ አውጥታችሁ ባለአክሲዮኑ ማን እንደሆነ አረጋግጡ። “እኔ ነኝ ባለቤቱ” ብሎ የሚያስብ ሰው መዝገቡ ላይ ስሙን የሚያጣበት ጊዜ አለ።

ማመልከቻው በአብዛኛው የሚቀርበው የማፍረሱን ትእዛዝ ለሰጠው ፍርድ ቤት ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤት ወይም የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊሆን ይችላል። በኪሳራና በኩባንያ ማፍረስ ጉዳይ የሚሠራ ጠበቃ ያዙ። የቤት ግዢ ውል የሚሠራላችሁ ጠበቃ ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን የእሱ ሥራ አይደለም።

አምስተኛ፦ ገንዘቡ ከየት መጣ?

ክፍያው ከኩባንያው ሒሳብ መውጣት ስለማይችል ብዙውን ጊዜ ከባለአክሲዮን፣ ከቤተሰብ ወይም ከባንክ ይመጣል። ገንዘቡን በጠበቃችሁ ትረስት አካውንት አስቀምጡት። የአደራ ሒሳብ ማለት ነው። ጠበቃው ገንዘቡ በእጁ እንዳለና ትእዛዙ ሲሰጥ ለማን እንደሚከፈል ለፍርድ ቤቱ ማረጋገጥ ይችላል። “ወንድሜ ይሰጠኛል” ከሚል ቃል በጣም የተሻለ ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ኅብረተሰብ በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። ገንዘብ የምናሰባስበው ከእቁብ፣ ከእኅት፣ ከአበልጅ፣ ከጓደኛ ነው። መተማመናችን ትልቅ ሀብት ነው። ወረቀት ግን የለውም። ዳኛው ደግሞ ይጠይቃል፦ ይህ 60,000 ዶላር ስጦታ ነው ወይስ ብድር? ብድር ከሆነ ተበዳሪው ኩባንያው ነው ወይስ እናንተ? መቼ ይመለሳል? ኩባንያው ከሆነ የተበደረው፣ አሮጌ ዕዳ በአዲስ ዕዳ ተተካ ማለት ነው። አቅሙ አልተሻሻለም።

መፍትሔው ሦስት ዓይነት ነው። ገንዘቡ ለኩባንያው አዲስ አክሲዮን መግዣ ሆኖ ይግባ። ወይም እናንተ በግል ተበድራችሁ ኩባንያው ነጻ ይሁን። ወይም አበዳሪው “ሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች ሁሉ ሳይከፈሉ እኔ አልጠይቅም” የሚል ሰነድ በጠበቃ አሠርቶ ይፈርም። ዳይሬክተሩ ራሱ ለኩባንያው ያበደረው የቆየ ገንዘብ ካለም ለእሱ ተመሳሳይ ሰነድ ይዘጋጅ። ይህ ሰነድ የኩባንያውን የሒሳብ መልክ በአንድ ጊዜ ሊቀይረው ይችላል።

ስድስተኛ፦ ኩባንያው ዕዳውን መክፈል እንደሚችል አሳዩ

ዋናው ሥራ ይኸው ነው። ሕጉ አቅም አለው የሚለው ዕዳዎቹን ሁሉ፣ የመክፈያ ጊዜያቸው በደረሰ ጊዜ፣ መክፈል የሚችለውን ነው። “ቤትና መኪና አለኝ” ማለት አይበቃም። ቤቱ በስድስት ወር ተሽጦ የዛሬ ሳምንት የሚከፈል ደመወዝ አይከፍልም።

በደንብ የተዘጋጀ ማስረጃ እነዚህን ይይዛል።

- እስከ ቅርብ ቀን ድረስ የተሠራ የሒሳብ መግለጫ፤ ንብረትና ዕዳው፣ ትርፍና ኪሳራው።
- የሁሉም ባንክ ሒሳቦች መግለጫ።
- ለማን ስንት እንዳለባችሁና ከመቼ ጀምሮ እንደዘገየ የሚያሳይ ዝርዝር።
- ማን ስንት እንዳለበት የሚያሳይ ዝርዝር፤ ሊሰበሰብ የማይችለው ተለይቶ።
- ለሚቀጥሉት 12 ወራት የገቢና ወጪ ትንበያ፤ ከኮንትራቶቹ ጋር ተያይዞ።
- ያልተከፈለ የሠራተኛ ደመወዝ፣ ፈቃድና ሱፐር (አሠሪው ለሠራተኛው የሚያስገባው የጡረታ መዋጮ)፤ ስንት እንደሆነና እንዴት እንደሚከፈል።

ትንበያው ላይ ምኞት አትጻፉ። በወር 20,000 ዶላር ሲያስገባ የነበረ ኩባንያ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 50,000 ያስገባል ካላችሁ የፈረመ ደንበኛ ኮንትራት አያይዙ። ሥራ አቁሞ ከነበረም ማን ተመልሶ እንደሚቀጠርና የመጀመሪያዎቹ ወራት ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ በግልጽ ይጻፍ። ሪፖርቱን ከእናንተ ጋር ዝምድና በሌለው የሒሳብ ባለሙያ አሠሩ። የአክስት ልጅ የሠራው ሪፖርት ትክክል ቢሆን እንኳ ክብደቱ ያንሳል።

የኤቲኦን ነገር ለብቻው ተመልከቱት። ያልቀረቡ የባስ ቅጾች (ንግዱ በየጊዜው ለኤቲኦ የሚያቀርባቸው የግብር ቅጾች) እና የዓመት ግብር መግለጫዎች ሁሉ ይቅረቡ። ሳይቀርቡ የግብር ዕዳው ትክክለኛ መጠን ስለማይታወቅ፣ ኩባንያው አቅም አለው ማለት አይቻልም። በየጊዜው ለመክፈል ከኤቲኦ ጋር ከተስማማችሁ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። የሠራተኛ ደመወዝ ግብር፣ ሱፐርና ጂኤስቲ (የዕቃና አገልግሎት ግብር) በዳይሬክተሩ ላይ በግል ሊዞር የሚችል ዕዳ መሆኑንም አትርሱ። ኩባንያው ቢፈርስም ባይፈርስም ይህ ዕዳ ቤታችሁ ድረስ ሊከተላችሁ ይችላል።

ሠራተኞቻችሁ በሊኩዊዴሽኑ ምክንያት ከመንግሥት የመብት ዋስትና ክፍያ ተቀብለው ከሆነ፣ መንግሥት በእነሱ ቦታ ገንዘብ ጠያቂ ሆኗል። እሱንም በዝርዝሩ ውስጥ አስገቡ።

ሰባተኛ፦ ቃለ መሐላው

ፍርድ ቤቶች በ1982 (እ.ኤ.አ.) በዋርብለር ኩባንያ ጉዳይ የተዘረዘሩትን ነጥቦች እስከ ዛሬ እንደ መመዘኛ ይጠቀሙባቸዋል። ውሳኔው የዳኛው ነው፣ የማስረዳት ሸክሙ የአመልካቹ ነው። ስለዚህ ቃለ መሐላው፣ ማለትም አመልካቹ በመሐላ ፈርሞ የሚያቀርበው ጽሑፍ፣ ከገንዘቡ ባሻገር ታሪኩን መናገር አለበት። ኩባንያው ምን ይሠራ ነበር? ለምን ዕዳ ውስጥ ገባ? ደብዳቤዎቹ ለምን መልስ አጡ? ዳይሬክተሮቹ ግዴታቸውን ካልተወጡ ለምን? ገንዘብ ጠያቂዎች፣ ባለአክሲዮኖችና ሒሳብ አጣሪው ምን ይላሉ?

ከሁሉ የሚከብደው የንግድ ጨዋነትና የሕዝብ ጥቅም ጥያቄ ነው። ገንዘብ ጠያቂዎች ሁሉ ተከፍለው፣ ሁሉም ተስማምተው እንኳ ዳኛው እምቢ ሊል ይችላል። ንብረቱን በሌላ ስም ወደ ተቋቋመ ኩባንያ አሽሽቶ ዕዳውን አሮጌው ላይ የተወ፣ ደመወዝ በእጅ እየከፈለ ሱፐር ያላስገባ፣ መክፈል እንደማይችል እያወቀ ዕቃ በዱቤ ሲወስድ የኖረ ኩባንያ ቶሎ አይለቀቅም። የሒሳብ መዝገብ 7 ዓመት መቀመጥ አለበት። መዝገብ ከሌለ ይህንንም ማስረዳት አለባችሁ።

ጥፋት ካለ ጻፉት። ሒሳብ አጣሪው አስቀድሞ አይቶታል። እናንተ ከደበቃችሁት ግን የቀረው ቃላችሁ ሁሉ ይጠረጠራል። ጥፋቱን ከጻፋችሁ በኋላ ምን እንደተቀየረ አስከትሉ፦ አዲስ የሒሳብ ባለሙያ ተቀጠረ፣ የደመወዝ ሶፍትዌር ገባ፣ ለግብር የተለየ የባንክ ሒሳብ ተከፈተ። ለዳኛው የሚጠቅመው በተግባር የተሠራው ነው።

ስምንተኛ፦ ለሁሉም አሳውቁ

ማመልከቻው ለሒሳብ አጣሪው፣ ለከሳሹ፣ ለሌሎቹ ገንዘብ ጠያቂዎችና ለባለአክሲዮኖች መድረስ አለበት። መድረሱም በማስረጃ መረጋገጥ አለበት። ለትንሿ የስልክ ዕዳ ሳይቀር። የተከፈለው ገንዘብ ጠያቂ መከፈሉን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ፣ የማይቃወም ከሆነም አንድ መስመር እንዲጽፍ ጠይቁት። ብዙ ቀጠሮዎች የሚተላለፉት ለአንድ ሰው ሳይነገር በመቅረቱ ነው። በየቀጠሮው ደግሞ ወጪ አለ።

ፍርድ ቤቱ ከመወሰኑ በፊት ሒሳብ አጣሪውን ሪፖርት እንዲያቀርብ ሊያዝዘው ይችላል። ረቂቅ ማስረጃችሁን አስቀድማችሁ ብትልኩለት ጥያቄዎቹን ከችሎቱ በፊት ትሰማላችሁ።

ትእዛዙ ከተሰጠ በኋላ

ትእዛዙ ማፍረሱ የሚቋረጥበትን ቀን ይናገራል። አስተዳደሩ ወደ ዳይሬክተሮች እንዴት እንደሚመለስም ፍርድ ቤቱ መመሪያ ሊሰጥ ይችላል። አስፈላጊ ከሆነ ባለአክሲዮኖች ተሰብስበው ዳይሬክተር እንዲመርጡ ያዝዛል።

በ14 ቀን ውስጥ የትእዛዙ ቅጂ ለአሲክ መግባት አለበት። በትረስት አካውንት ያለው ገንዘብ ትእዛዙ ባለው መሠረት ይከፈል። መዝገቦቹንና ቀሪውን ገንዘብ ከሒሳብ አጣሪው በዝርዝር ፈርማችሁ ተረከቡ። ባንኩ የተዘጋውን ሒሳብ በራሱ አይከፍተውም፤ ትእዛዙን ይዛችሁ ሂዱ። ኢንሹራንሱ ተቋርጦ ሊሆን ስለሚችል አንድ መኪና ከማንቀሳቀሳችሁ ወይም አንድ ሠራተኛ ከማስገባታችሁ በፊት አረጋግጡ። አከራዩንና ዋና ደንበኞቻችሁንም ራሳችሁ አነጋግሩ፤ ኩባንያው መፍረሱን ሰምተው ይሆናል፣ መመለሱን ግን ማንም አይነግራቸውም።

በዚያው ሳምንት የአሲክን መዝገብ ክፈቱና የኩባንያውን ዋና አድራሻ እናንተ በየቀኑ ፖስታ ወደምትከፍቱበት ቦታ ቀይሩት። የዳይሬክተሮቹን የመኖሪያ አድራሻም አስተካክሉ። የሒሳብ ባለሙያችሁ አድራሻ እንዲሆን ከመረጣችሁ፣ በኩባንያው ስም የመጣ ደብዳቤ በመጣበት ቀን ፎቶ ተነሥቶ እንዲላክላችሁ በጽሑፍ ተስማሙ።